ተመልካች የስድብ ፈቃድ አለውን?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በእግር ኳስ ሜዳ ያጠፋ ተጫዋች ካርድ ይሰጠዋል። ማልያው ቍጥር ስላለው ማንነቱ አይሰወርም። ከመስመሩ ወዲህ ቆሞ የሚሳደበው ተመልካች ግን ቍጥርም ስምም የለውም፤ ስድቡን ወርውሮ ከሕዝቡ መካከል ይደበቃል። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥፋተኛ ነው።

ተመልካች አፉን ዘግቶ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ኳስ ሲበላሽ ማጉረምረም፣ ዳኛ ሲሳሳት መጮኽ፣ ቀልድ መወርወርም የጨዋታው ቅመም ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቃራኒው ቡድን መልካም ግብ ሲያገባ እንድናጨበጭብ ያስተምሩን ነበር፤ ይህን ያህል እንኳ ከማንም አልጠብቅም። ነገር ግን አጨዋወትን መንቀፍ ሌላ፣ የሰውን ትውልድ መስደብ ሌላ ነው።

በእኛ በከፋ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከጥንት በአደን፣ በኋላም ማገዶና ከሰል በመሸጥ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መብላትንና መጋባትን ሲጸየፍ ኖሯል፤ ይህ ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። የማንጆ ልጅ ከሌላው ልጅ ጋር እኩል ሊቆም ከሚችልባቸው ስፍራዎች አንዱ የተማሪዎች ኳስ ሜዳ ነው።

ባለፈው ዓመት ቦንጋ ውስጥ በተደረገ የተማሪዎች ግጥሚያ ከእነዚሁ ልጆች አንዱ በቀኝ ክንፍ ሲጫወት፣ ከመስመሩ አጠገብ የቆሙ ጎልማሶች ወገኑን እየጠሩ ሰደቡት። ልጁ እስከ ዕረፍት ታገሠ። ከዕረፍት በኋላ ኳሷን ወደ ተሳዳቢዎቹ ለጋት፤ በቀይ ካርድም ወጣ። ዳኛው ሕጉን ፈጽሟልና አልነቅፈውም። ተሳዳቢዎቹ ግን ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ማልያ አልለበሰም። ከእነዚያም ሰዎች መካከል ከረባት ያሰሩ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ።

ይህ በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። በጥር 1987 ዓ.ም የማንችስተር ዩናይትዱ ኤሪክ ካንቶና የሰደበውን ተመልካች ዘሎ በእግሩ መታው። እስከ መስከረም 1988 ዓ.ም ከጨዋታ ታገደ፤ 120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሠራም ተፈረደበት። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ እርግጫው ነው፤ ስድቡን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በግንቦት 2015 ዓ.ም ደግሞ የሪያል ማድሪዱ ቪኒሲየስ ጁኒየር በቫሌንሲያ ሜዳ በቆዳው ቀለም ሲሰደብ ተሳዳቢውን በጣቱ ለዳኛው አመለከተ፤ ጨዋታውም ለጊዜው ቆመ። በሰኔ 2016 ዓ.ም የስፔን ፍርድ ቤት በሦስት ተመልካቾች ላይ የ8 ወር እስራት ፈረደ። እንግዲህ ተሳዳቢ አይታወቅም ማለት ሰበብ ነው፤ የሚፈልገው ካለ ይገኛል።

አንዳንዶች «ኳስ ሜዳ የስሜት ስፍራ ነው» ይሉኛል። በቢሮው ባለጉዳይን እንዲህ ቢሰድብ የሚቀጣ ሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈቃዱን ከወዴት አገኘው? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 25 ስለ ሰዎች እኩልነት ሲደነግግ ኳስ ሜዳን ለይቶ አላስቀረም።

ስለዚህ የውድድር አዘጋጆች በተመልካቹ መካከል ሥርዓት አስከባሪዎችን ያቁሙ። የቡድኑ አምበል ስድቡን ለዳኛው ሲያስታውቅ ጨዋታው ይቁም፤ ተሳዳቢውም ይውጣ። አሠልጣኞች ልጆቹን በእግር ከመመለስ ይልቅ በጣት ማመልከትን ያስተምሩ። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም ወዲህ የክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለችና፣ በሜዳው ዙሪያ የምንቆም ደመወዝተኞች ብዙ ነን። አጠገባችን ያለው ሰው አፉን ሲከፍት «ተው፣ ነውር ነው» ለማለት መመሪያ መጠበቅ አያስፈልገንም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ሳይዘገዩ እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከቦንጋ