አንዱ ባቡር አለፈ ብላችሁ አትሻገሩ

እኩዮቼ፣ በጋርላንድ፣ በፕሌኖና በካሮልተን የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ሐዲድ ነው። ልጆቻችን ሥራ ሲውሉ እኛ ለቀጠሮም ለዘመድ ጥየቃም በባቡር መሄድ ጀምረናል፤ መስመሩም በዙሪያችን እየበዛ ነው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሲልቨር ላይን የተባለው የባቡር መስመር ከፕሌኖ እስከ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ፣ 42 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሥራ ጀምሯል። ካሮልተን ላይ ግሪን ላይንን ያገኘዋል። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ትሪኒቲ ሚልስ ላይ፣ የዴንተኑ ኤ-ትሬን ተሳፋሪውን ለግሪን ላይን ያስረክባል። ዳላስንና ፎርት ዎርዝን በሚያገናኘው ሐዲድ ደግሞ የሰውም የጭነትም ባቡር ይመላለስበታል።

እኔን የሚያስፈራኝ ከአንድ በላይ ሐዲድ ጎን ለጎን የሚያልፍበት ማቋረጫ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጉ ሳይነሳ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ፣ ጎንበስ ብለው ሊሻገሩ ሲሉ አየሁ። የመጀመሪያው ባቡር ማለፉ ነበር። ሁለተኛው ከወዲያ በኩል እየመጣ ነው፤ የሚሄደው ጋርዶት አልታያቸውም። አንድ ወጣት ክንዳቸውን ይዞ ባይመልሳቸው ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን። ዘንጉ ካልተነሳ፣ መብራቱ ካልጠፋ፣ ሌላ ባቡር አለ ማለት ነው።

እኛ የምናውቀው ባቡር ሳይደርስ ጩኸቱ የሚደርስ ነበር። እዚህ ግን ጸጥታ እንዲጠበቅባቸው በተፈቀደላቸው ማቋረጫዎች ባቡሩ ጡሩምባ ሳይነፋ ያልፋል፤ እንደ ግሪን ላይን ያለው የዳላስ አካባቢ ትራንስፖርት ድርጅት (የዳርት) ቀላል ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ጆሯችንም የድሮው ጆሮ አይደለም። በጆሯችሁ አትመኑ፤ ቆማችሁ ግራና ቀኝ እዩ።

ነጂው አይቶን ይቆማል የምትሉም አላችሁ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የጭነት ባቡር ፍሬን ተይዞም ለመቆም ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ቴክሳስ በባቡርና በመኪና ግጭት ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች በተደጋጋሚ አንደኛ ሆናለች። ደግሞስ የባቡር አደጋ ክፋት ለእኛ ይነገራል? ጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ የተነሣው ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ወገን አለቀ። ስንቱ ቤት ያኔ ሐዘን ተቀመጠ!

መኪና የምትነዱ፣ ማዶው ላይ ለመኪናችሁ የሚበቃ ቦታ ሳታዩ ሐዲድ ላይ አትውጡ። ሞተሩ ሐዲድ ላይ ቢጠፋባችሁ ስለ መኪናው አታስቡ፤ ውስጡ ያሉትን ሰዎች ሁሉ አውርዱ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሐዲዱ በሰያፍ እየራቃችሁ ወደ ባቡሩ አቅጣጫ ሂዱ፤ ባቡሩ መኪናውን ሲመታው ስብርባሪው የሚወረወረው ወደ ፊት ነውና። ከዚያ ማቋረጫው ላይ የተለጠፈውን ሰማያዊ ሰሌዳ ፈልጉ። ስልክ አለበት፤ እሱ ካልታያችሁ 911 ደውሉ። መኪናችሁ ሐዲድ ላይ መቆሙን በእንግሊዝኛ መናገር የሚከብዳችሁ፣ ዛሬውኑ ማታ ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ተለማመዱት። ሰሌዳው ላይ ያለውን የማቋረጫውን መለያም ስልኩን ለሚያነሱት ሰዎች አንብቡላቸው፤ ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል ነው።