ፓድ ብቻውን ፍሬን አይደለም

«ጎሚኒ መኪና አያስቆምም፤ መኪና የሚያስቆመው ፓድ ነው።» ይህን ያለው ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ተሳቢዎች ያሉት የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት የጥገና ኃላፊ ነው። መካኒኩ የፊት ካሊፐር ፈትቶ የፒኖቹ መሸፈኛ ጎሚኒዎች መቀዳደዳቸውን ሲያሳየውና የጥገና ኪት ይገዛ ብሎ ሲጠይቀው የሰጠው መልስ ነው። አዲስ ፓድ ገባ፤ የተቀደደው ጎሚኒ በቦታው ተመለሰ፤ መኪናው ጭነት ሊያነሳ ወጣ። ሰውየውን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ቃሉ የእሱ ብቻ አይደለምና። በየጋራዡ የሚሠራበት፣ ባለንብረቱ የሚያጸድቀው፣ ሾፌሩም አንገቱን ደፍቶ የሚቀበለው ደንብ ሆኗል። ደንቡ ግን ሐሰት ነው፤ ሰው የሚገድል ሐሰት።

ዲስክ ፍሬን ያለው ከባድ መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንድ የአየር ቻምበር ብቻ ነው ያለው፤ የሚገፋውም ከውስጥ በኩል ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ አየሩ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ማንሻ ያንቀሳቅሳል፣ የውስጡ ፓድ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። የውጪውን ፓድ በቀጥታ የሚገፋው ምንም ነገር የለም። እሱ ዲስኩን የሚይዘው ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ ሲስበው ብቻ ነው። በፒኑና በቦኮላው መካከል ውሃና አቧራ እንዳይገባ የሚከላከለው ደግሞ ያ «መኪና አያስቆምም» የተባለው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲቀደድ የአፋር አቧራና የጅቡቲ ወደብ ጨዋማ እርጥበት ይገባል፤ ቅባቱ ይታጠባል፤ ፒኑ ይዝጋል፤ ካሊፐሩ ይነክሳል። ካሊፐሩ ከነከሰ በኋላ የውጪው ፓድ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ሥራ የለውም። እንግዲህ ኃላፊው ይመልስልን፤ የማይንሸራተት ካሊፐር ላይ የተገጠመ ፓድ መኪና የሚያስቆመው በምን ጉልበቱ ነው?

ችግሩ በዚህም አያበቃም። የነከሰ ካሊፐር አንዳንዴ አይዝም፣ አንዳንዴ ደግሞ ከያዘ በኋላ አይለቅም። ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ቢያነሳም ፓዱ ከዲስኩ ጋር እየተፋተገ ይሄዳል። ዲስኩ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፤ የኩሽኔታው ግራሶ ቀልጦ ይፈሳል፤ ሲብስም ጎማው ይነዳል። በሌላ በኩል ያንዱ ጎማ ፍሬን ሲሰንፍ የእሱን ድርሻ የሚሸከሙት ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱም ከልክ በላይ ይግሉና መያዝ ያቅታቸዋል። ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ላይታወቅ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ግን ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና መውረድም ቀላል አይደለም። 400 ኩንታል የጫነ መኪና እዚያ ላይ ሲወርድ ከባድ ማርሽና የሞተር ፍሬን ያግዙታል እንጂ የጎማውን ፍሬን አይተኩለትም። ጋራዥ ውስጥ «ይቆይ» የተባለው ዕቃ መልስ የሚሰጠው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። መልሱን የሚቀበሉት ደግሞ «ይቆይ» ያለው ሰው ሳይሆን ሾፌሩ፣ ረዳቱና ከፊት ያለው ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

የመለዋወጫ ዋጋ ነው ይሉናል። የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ከተለወጠ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ መናሩን ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። በብዙዎቹ የአውሮፓ ከባድ መኪኖች ላይ አዲስ ፓድ ከነብረቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ 11 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መጣል አለበት። ካሊፐሩ በደንብ ከተንሸራተተ የውስጡና የውጪው ፓድ ተቀራርበው ያልቃሉ። ከነከሰ ግን የውስጡ ብረቱ ድረስ ሲበላ የውጪው ገና ብዙ ይቀረዋል። ፓድ የሚቀየረው በአክስል ስለሆነ ግን አራቱም አብረው ይጣላሉ። ዲስኩም እንዲሁ ነው። አዲስ ሲሆን 45 ሚሊ ሜትር፣ 37 ሲደርስ የሚጣል ዲስክ በሙቀት ተሰንጥቆ ከዕድሜው በፊት ይወገዳል። በመጨረሻም ካሊፐሩ ራሱ ይቀየራል፤ የእሱን ዋጋ ለባለንብረት መንገር አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ወጪ የሚመጣው የፒን፣ የቦኮላና የጎሚኒ ኪት ላለመግዛት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን እያወቅን የኪቱን ዋጋ አተረፍን ብለን የካሊፐር ዋጋ እንከፍላለን። ይህን ቁጠባ ብሎ የሚጠራ ሰው የድርጅቱን ገንዘብ እያባከነ ነው።

«አናደርግም» ከሚሉት የባሰ የሚያናድዱኝ ደግሞ «አድርገናል» የሚሉት ናቸው። የዛገ ፒን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ጥገና አይደለም፤ ልስላሴው የተነሳ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ቶርኖ ቤት በተገኘው ብረት ያስቀረጹት ፒንም የፋብሪካውን ፒን አይተካም። ልኩ ቢመሳሰል እንኳ ጥንካሬውና የዝገት መከላከያው ከየት ይመጣል? ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆርጦ በሽቦ የታሰረ መሸፈኛም ሙቀቱን አይችልም። ካሊፐር ላይ ለሻሲ የሚውለውን ተራ ግራሶ መቀባት ደግሞ ከሁሉም የተለመደ ስሕተት ነው። ያ ግራሶ በፍሬን ሙቀት ይደርቃል፣ ጎሚኒውን ያሳብጣል፤ ያዳነ መስሎት ያጠፋል። አምራቾች ከኪቱ ጋር የራሱን ቅባት አብረው የሚያሽጉት ያለምክንያት አይደለም።

የክፍተት ማስተካከያውስ? ፓዱ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱን በራሱ የሚያስተካክለው መሣሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ክዳን አለው። ያ ክዳን ፓድ በተቀየረ ቁጥር በአዲስ መተካት አለበት። እኛ ጋ ግን የወደቀበት ይቀራል፣ ቀዳዳውም ክፍቱን ይከርማል፤ ውሃ በእሱ በኩል እስከ ካሊፐሩ ሆድ ይገባል። ማስተካከያው በእጅ ቁልፍ ቀስ ተብሎ መመለስ ሲገባው በአየር በሚሠራ የብሎን መፍቻ ይገረፋል። ከመጠን በላይ ኃይል ሲመጣ ቀድማ ተሰብራ ውስጡን እንድታድን የተሠራች ትንሽ ዕቃ አለች፤ እሷ ስትሰበር አዲስ ማስገባት ሲገባ ያለ እሷ ይዘጋና መኪናው ይለቀቃል። ጊዜ የለንም ነው ምክንያቱ። ፓዱ ከወጣ በኋላ ካሊፐሩን በእጅ ገፋ፣ ሳብ አድርጎ በፒኑ ላይ መንሸራተቱን ማየት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? የጎሚኒውን ዙሪያ በባትሪ ብርሃን መመልከትስ? ለዚህ ጊዜ የለኝም የሚል ጋራዥ ፍሬን መንካት የለበትም።

ከዚያ አደጋ ይደርሳል። «ፍሬን እምቢ ብሎት» ይባላል፤ ጣቱ ሁሉ ወደ ሾፌሩ ይቀሰራል። ሾፌሩ ተጠያቂ አይሁን አላልኩም። ግን የተቀደደውን ጎሚኒ አይቶ «መልሰህ ግጠም» ያለው ሰው የት ሄደ? የሥራ ትዕዛዙ ላይ የማን ፊርማ አለ? «ቦሎ አለው» ማለትም ማምለጫ አይሆንም። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ምርመራ ነው፤ በፈተናው ማግስት ለሚቀደድ ጎሚኒ ዋስ አይሆንም። የቀሩትን ቀናት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት መኪናውን ለሥራ የሚያሰማራው ነው።

ስለዚህ ባለንብረቶች፣ የጥገና ኃላፊዎች፣ ጥያቄው ለእናንተ ነው። ፓድ ሲቀየር የፒን ጎሚኒ፣ ክዳንና የፓድ መያዣ ሞላ አብረው ይታዩ፤ የተቀደደና የዛለ ዕቃ ተመልሶ አይግባ። የማይንሸራተት ካሊፐር ያለው መኪና ከጋራዥ አይውጣ። የውስጡና የውጪው ፓድ ውፍረት ተለክቶ በየጊዜው ይመዝገብ፤ ሁለቱ ተራርቀው ከተገኙ ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ፓድ አይገጠም። ሾፌሮችም፣ ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲግል፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሲጎትት፣ ዝም አትበሉ፤ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ካልተሠራም ቁልፉን መልሱ። መካኒኮች ደግሞ በቀደዳችሁት ብቻ ሳይሆን ባያችሁት ቀዳዳ ጭምር ተጠያቂ የሚያደርጋችሁ ሙያ ላይ እንዳላችሁ አትርሱ። ፍሬን የአንድ ዕቃ ስም አይደለም፤ ትንሹም ትልቁም አብረው የሚሠሩበት ሥርዓት ነው፤ ትንሹን የናቀ ኃላፊም ለዚህ ሥራ ብቁ አይደለም።