ጨረታና የዘር ወራት

መንግሥት ዕቃ የሚገዛበት ሥርዐት የሒሳብ ሹምና የመዝገብ ቤት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሹማምንት ጥቂቶች አይደሉም። በፎገራ ሜዳ ለሚያርሰው ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ማዳበሪያው በጊዜው ወረታ ደርሶ፣ ዘሩም ንጹሕ ሆኖ፣ የርብን ወንዝ ዳር የሚያስከብረው ድንጋይና ሽቦ ከክረምቱ በፊት ተገዝቶ እንደ ሆነ ያ ሰው ዓመቱን በጥጋብ ያልፈዋል። ይህ ሁሉ ዘግይቶ ከመጣ ግን ጨረታው በሕግ ተካሄደ፣ ሒሳቡም ሳይጎድል ተዘጋ ቢባል ለእርሱ የሚጠቅመው ነገር የለም። ስለዚህ ስለ መንግሥት ግዥ ሕግ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ከአዋጁ ቃል ተነሥቶ እስከ ዘር ወራት ድረስ መዝለቅ ይገባዋል።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው ይተኙበታል። ቀድሞ ሜዳው ስመ ጥር የነበረው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ እስከ ዛሬ ትታወቃለች። ውሃ ከሚተኛበት መሬት ግን በክረምት ያለ አዝመራ የሚቀረው ስፍራ ብዙ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ በጅግናና በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ በጎ ፍሬ ስለ ሰጠ፣ ቀድሞ መከራ የነበረው ውሃ ሀብት ሆነ። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። ዛሬ በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በብዛት ቆመዋል፤ ለመላው አገር የሚሠራ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ተተክሎባታል። እንዲህ ያለ አገር የመንግሥትን ግዥ ከማንም ይልቅ ይፈልጋል፤ ግዥ ሲበላሽም ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርስበት እርሱ ነው።

ይህ ጉዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። መንግሥት ሁሉን ራሱ ይገዛና ይሸጥ ከነበረበት ሥርዐት ወደ ነጻ ገበያ የተሸጋገሩ አገሮች ሁሉ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል። በአሮጌው ሥርዐት ጨረታ የሚባል ነገር እምብዛም አያስፈልግም ነበር፤ ዋጋው ከላይ ይቆረጣል፣ ዕቃውም በትእዛዝ ይመጣል። በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው ላይ በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ይገዛ እንደ ነበር የፎገራ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ያ የኮታ ግዥ የቀረው በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚን ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት እንደ ማንኛውም ነጋዴ ወደ ገበያ ወርዶ መግዛት ሲኖርበት፣ ገንዘቡ ግን የራሱ ሳይሆን የሕዝብ ስለ ሆነ፣ በምን ሕግ ይግዛ የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

መልሱ በየአገሩ ተመሳሳይ ሆኖ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 የግዥ ምሳሌ ሕግ አዘጋጀ፤ በ2011ም አሻሻለው። ፖላንድ በዚያው በ1994፣ ሀንጋሪም በተከታዩ ዓመት የግዥ ሕጋቸውን አወጡ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 57/1989 የግዥን ነገር ከገንዘብ አስተዳደር ጋር አያይዞ ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 430/1997 ለግዥ ራሱን የቻለ ሕግና የሚቆጣጠር ኤጀንሲ ሰጠው፤ አዋጅ ቁጥር 649/2001 የንብረትን አስተዳደር ጨምሮ ተካው፤ ይህንንም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል። ክልሎችም ለየራሳቸው መሥሪያ ቤቶች የግዥ ሕግ አላቸው። እንግዲህ ሕግ ጎደለ የሚል ሰው ቢኖር አዋጆቹን ያላነበበ ነው።

የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና የልማት ባንክ በ2010 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ገደማ በሽግግር ላይ ያሉትን አገሮች የግዥ ሕግና አሠራር አመዛዝኖ ነበር። ያገኘውም ነገር የፎገራን ሹም ሊያስደንቀው አይገባም። ብዙዎቹ ሕጎች የጨረታውን መካከል፣ ማለት ከማስታወቂያው እስከ አሸናፊው መለየት ያለውን፣ አብዝተው ደነገጉ፤ ከጨረታው በፊት ያለውን ዕቅድና ከጨረታው በኋላ ያለውን የውል አፈጻጸም ግን በቸልታ ተዉት። ሕጉ በወረቀት ላይ ከአሠራሩ ልቆ የተገኘበትም አገር ብዙ ነው። ነገሩ ግራና ቀኝ ያለው በሬ ደክሞ ሳለ ስለ ቀንበሩ ማማር እንደ መጨነቅ ነው። መካከለኛው የግዥ ክፍል የሚሠራው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎች ያሉት ግን በወረዳና በቀበሌ ሹማምንት እጅ ነው። ስንት ኩንታል ያስፈልጋል የሚለው ከዚያ ይነሣል፤ የመጣው ዕቃ ልክ ነው ወይ የሚለውም በዚያ ይመረመራል።

በመጀመሪያ ስለ ፊተኛው ጫፍ። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በፎገራ ሩዝ የሚዘራው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በሰኔ ነው፤ የሚታጨደውም በኅዳርና በታኅሣሥ። እንግዲህ የወረዳው አዲስ ገንዘብ በተለቀቀ ጊዜ ዘሩ መሬት ገብቷል፤ የሚዘራበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የአሮጌው ዓመት ገንዘብ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። በዚህ ምክንያት በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ክፉ ልማዶች ይታያሉ። አንደኛው ከሐምሌ እስከ ጥር ተኝቶ መክረም ነው፤ ሁለተኛው በሰኔ ወር ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ብሎ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ያገኙትን መግዛት ነው። ሕጉ ግን ይህን አላዘዘም። አዋጅ ቁጥር 649/2001 መሥሪያ ቤት ሁሉ የዓመት የግዥ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ሲያዝዝ ዓላማው ይህንኑ ለመከላከል ነበር። ለፎገራ የሚሆን ዕቅድ የሚጻፈው ከመኸሩ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው፤ የዘር ፍላጎት ሩዙ ገና በአውድማ ሳለ፣ ዘር የሚያባዛው ገበሬ እህሉን ሳይሸጥ መታወቅ አለበት። በሚያዝያ የዘር ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የሚገዛው ከነጋዴ የተረፈውን የእህል ሩዝ ነው፤ ስሙ ግን ዘር ተብሎ ይመዘገባል።

ስለ ማዳበሪያ ደግሞ መንገዱ ከዚህ ይረዝማል። ቀበሌው ፍላጎቱን ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉም ለግብርና ሚኒስቴር ያስታውቃል፤ ግዥው ለመላው አገር በአንድነት ይፈጸማል፤ የውጭ ምንዛሬ ይፈቀዳል፣ ባንክ ሰነድ ይከፍታል፣ መርከቡ ጅቡቲ ይደርሳል፣ የጭነት መኪናው ተራራውን ወጥቶ ወደ ዩኒየኑ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያም የገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይረከባል። ከእነዚህ ቦታዎች በአንዱ የጠፋ አንድ ወር በሌላው አይመለስም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት በጠና ጊዜ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ ባሕር ዳር መጥተው ነበር። ሞፈር ተሰቅሎ አቤት ማለት ለገበሬ ምን ያህል ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ሹም ያን ቀን አይዘነጋውም። ደግሞም ፎገራ ላይ መዘግየት በሌላው አገር ካለው መዘግየት የከፋ ነው፤ ዩሪያው ሜዳው በውሃ ከተዋጠ በኋላ ቢመጣ የሚበተንበት ስፍራ ስለማይኖር፣ ቢበተንም ጎርፉ ወደ ጣና ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ ሁሉ ጥፋቱ ጨረታ ነውና ጨረታ ይቅር፣ መንግሥት ከወደደው ነጋዴ በቀጥታ ይግዛ የሚሉ አሉ። አነጋገራቸው ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን የዘገየው ጨረታ የዘገየው ጨረታ ስለ ሆነ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለ ተጀመረ ነው። ቀጥታ ግዥም ቢሆን በሚያዝያ ከተጀመረ በግንቦት ወረታ አይደርስም። የሚደርሰው ነገር ቢኖር ዋጋው ከፍ ማለቱ ብቻ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበን ሁሉ አሸናፊ ማድረግ ለመንግሥት ገንዘብ ማሰብ የሚመስላቸው አሉ። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ከውጭ ሊገዛው የነበረው ብዙ መቶ ሺህ ቶን ስንዴ፣ ጨረታውን ያሸነፉት የውል ማስከበሪያ ዋስትና ሳያቀርቡ ስለ ቀሩ ተሰርዟል። ያልመጣ ስንዴ በምንም ዋጋ ቢገዛ ውድ ነው። በወረዳም ደረጃ እንዲሁ ነው፤ ከሁሉ አሳንሶ ዋጋ የሰጠው ነጋዴ ከዚህ ቀደም ምን አቅርቦ፣ በስንት ቀን አስረክቦ እንደ ነበር የሚነግር መዝገብ ሳይኖር ዋጋውን ብቻ ማነጻጸር ድፍን ፍርድ ነው። ሕጉ ተጫራች በአቅሙና በብቃቱ እንዲመዘን ይፈቅዳል፤ ይህን መብት የማይሠሩበት ሹማምንት ግን ብዙ ናቸው፤ ኦዲተር ይጠይቀናል ብለው ይፈራሉና።

ስለ ድንገተኛ ግዥ አንድ ነገር መባል አለበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ እንዲህ ያለው መዓት በደረሰ ጊዜ ድንኳንና እህል በጨረታ ይገዛ የሚል ጨካኝ የለም። ነገር ግን የምሳሌው ሕግ ለችኮላ ግዥ ሁለት ገደብ አኑሯል፤ ምክንያቱ አስቀድሞ ሊታይ የማይችል መሆን አለበት፤ ከገዢው መሥሪያ ቤት መዘግየትም የመጣ መሆን የለበትም። ርብ በነሐሴ ይሞላል። አምናም ሞልቷል፣ የዛሬ ሃያ ዓመትም ሞልቷል። ለወንዙ ዳር ማስከበሪያ የሚሆነው ጋቢዮን፣ ጆንያና ነዳጅ በነሐሴ አስቸኳይ ነው ተብሎ ያለ ጨረታ የሚገዛ ከሆነ፣ አስቸኳይ ያደረገው ወንዙ ሳይሆን በየካቲት የተኛው መሥሪያ ቤት ነው። የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለፊርማ ሲቀርብላቸው የደብዳቤውን ቀን ከወንዙ ልማድ ጋር ቢያስተያዩ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

የሩዙንም ገበያ ግዥ ሊረዳው ወይም ሊጎዳው ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና ማረሚያ ቤቶች ለቀለብ የሚገዙት እህል ብዙ ነው፤ አገሪቱም ከምታመርተው ሩዝ ሌላ ብዙ ሩዝ ከውጭ ታስገባለች። ሕጉ ለአገር ውስጥ ምርት የዋጋ አስተያየት እንዲደረግ ይፈቅዳል። ይህ ግን በአንዲት ወረቀት ሊሻር ይችላል፤ እርሷም የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ናት። ረጅም ፍሬ፣ ስባሪው ከዚህን ያህል ያልበለጠ፣ በዚህ ዓይነት ከረጢት የታሸገ ተብሎ ከውጭ የመጣውን ሩዝ እያዩ ከጻፉት፣ የወረታው ወፍጮ ባለቤት ጨረታው ሳይከፈት ወድቋል። ማንም አላዳላም፤ ማንም ጉቦ አልበላም፤ ፎገራ ግን ተዘጋባት። እርግጥ ስባሪና ጠጠር የበዛበት ሩዝ ይገዛ ማለት አይደለም፤ ገበሬውም ባለ ወፍጮውም ሥራውን ማሻሻል አለበት። ዳሩ ግን ለተማሪ ቀለብና ለእንጀራ ድብልቅ የሚሆን ሩዝ ለእንግዳ ማዕድ በሚሆነው ልክ ሊለካ አይገባውም።

ምስጢርን ስለ ማስወገድ ጆርጂያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ የወረቀት ጨረታን ትታ ሁሉን በኤሌክትሮኒክ መንገድ አደረገች፤ ዩክሬንም በ2016 ፕሮዞሮ የተባለውን ሥርዐት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ግዴታ አድርጋ፣ ማንም ዜጋ ዋጋውንና ውሉን እንዲያይ ፈቀደች። ኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ ግዥ ጀምራለች። መብራትና የመገናኛ መስመር በሚቆራረጥበት ቀበሌ ይህ ገና ሩቅ ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን የዕቃው ዓይነት፣ የተገዛበት ዋጋ፣ የአስረካቢው ስምና የሚደርስበት ቀን በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ በትልቅ ፊደል ለመለጠፍ መብራት አያስፈልግም።

የቀረው ርክክቡ ነው። ወረታ በመንገድ መገናኛ ላይ ያለች፣ ደረቅ ወደብም የተሠራላት ከተማ ናት፤ ዕቃ ለማራገፍ ከእርሷ የተሻለ ስፍራ በአካባቢው አይገኝም። መኪናው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ወዛደሩ ሒሳቡን ይፈልጋል፤ ተረካቢዎቹም ከየቢሮው የተመረጡ፣ ስለ ዘር የማያውቁ ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። ጆንያው ተቆጥሮ ይፈረማል፤ ክብደቱ አይመዘንም፣ ናሙናውም ወደ ምርምር ማዕከሉ አይላክም፤ ማዕከሉ ያለው ግን በዚያው በወረታ ነው። ከተረካቢዎቹ መካከል ዘሩን የሚዘሩ ሁለት ገበሬዎች ቢጨመሩ፣ ከየጭነቱም ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስኪበቅል ጥቂት ቀን ቢጠበቅ፣ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ቢሆን፣ ነጋዴው በሚቀጥለው ዓመት የሚያመጣውን ዘር አስቀድሞ ያበጥረዋል።