«መስመሩ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ዋየርሻርክ 4.4 በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ «ምን አዲስ ነገር አለው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ የድሮ ተማሪዎቼ አላችሁ። ለእኔ ዋናው ፕሮፋይል በራሱ መቀየሩ ነው። ለፕሮፋይሉ ማጣሪያ ትሰጡታላችሁ፤ ከማጣሪያው ጋር የሚገጥም ፋይል ስትከፍቱ ያዘጋጃችሁት ዓምድና ቀለም ራሱ ይመጣል። ግራፎቹም ተሻሽለዋል። ደስ ይላል።

ግን ወገን፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ባሉት ፎቆች ውስጥ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ አሁንም መጀመሪያ የሚባለው «መስመሩ ነው፣ ፍጥነት ይጨመር» ነው። ብሩ ይወጣል፣ ችግሩ ይቀራል። እስቲ መጀመሪያ ፓኬቱን እዩት። የዲኤንኤስ መልስ ከዘገየ ዲኤንኤሱን መርምሩ። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ወዲያው ተቀብሎ ዳታውን ካዘገየ ችግሩ እዛው ሰርቨሩ ጋ ነው። ሪትራንስሚሽን ከበዛ ያኔ መስመሩን ጠርጥሩ፤ ከሱም በፊት የራሳችሁን ዋይፋይ። ይህን ለመለየት ቲሲፒን ማወቅ ይጠይቃል፤ ግራፉ ብቻውን አይነግራችሁም።

ደግሞ አደራ፦ ያለፈቃድ የሰው ትራፊክ መጥለፍ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ካፌ ዋይፋይ ላይ «እስቲ ልሞክር» እንዳትሉ። በራሳችሁ ኔትወርክ ወይም በጽሑፍ በተፈቀደላችሁ ላይ ብቻ ሥሩ።