የልብ ባትሪ ሲያልቅ ማን አለ?

ጎበዝ! "በነጻ ተተከለላቸው" የሚል ዜና ሰምተን አጨብጭበን ወደ ቤታችን መግባት ለምደናል። ከባሕር ማዶ የበጎ ፈቃድ ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ለጥቂት ድኾች ፔስሜከር ይተክላሉ፣ ካሜራ ይበራል፣ አንድ ሹም ነጭ ጋዋን ደርቦ ፎቶ ይነሳል። ሐኪሞቹንስ እግዜር ይስጣቸው! የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ባትሪ ሲያልቅስ?

ብዙ ሰው ፔስሜከር አንዴ ከተተከለ ያለቀለት ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀበረው ይህ ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ ዕቃ ባትሪው ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ከ8 እስከ 12 ዓመት ነው። ሲዳከም ዕቃው በሙሉ በአዲስ ይተካል፤ ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ ደህና ከሆነ ባለበት ይቀራል።

ዕድሜስ ይሰጣል ወይ? ለሚል መልሱ አርኔ ላርሶን ነው። ስዊድናዊው ላርሶን በቀን ደጋግሞ ራሱን እየሳተ ይወድቅ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 በሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር በዓለም የመጀመሪያ ሆኖ ተተከለለት። ያ መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ሰውየው ግን እየተቀየረለት፣ ከ20 በላይ መሣሪያ ጨርሶ፣ ዕቃውን የሠራለትን ኢንጂነር ኤልምክቪስትንም፣ ቀዶ የተከለለትን ዶክተር ሴኒንግንም ቀብሮ፣ በ2001 በ86 ዓመቱ አረፈ። ያውም በልብ ሳይሆን በካንሰር! ምሥጢሩ ምንድን ነው? ባለቀ ቁጥር የሚቀይርለት አገር ነበረው። በቃ።

ላርሶን ብቻውን አይደለም። በጀርመን 6,505 ባለ ፔስሜከሮችን የተከታተለና በ2004 የታተመ ጥናት፣ ከ10 ዓመት በኋላ 45 ከመቶ ያህሉ፣ ከ20 ዓመት በኋላ 21 ከመቶው በሕይወት እንደነበሩ አሳይቷል። አብዛኞቹ ሲተከልላቸውም በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ልብ በሉ! 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩት ብዙዎቹ ሁለተኛ ባትሪ ያሻቸዋል ማለት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በሠፈሬ አንዲት እናት አሉ። ከዓመታት በፊት በነጻ ተተከለላቸው፤ እንጀራ ጋግረው ሸጡ፣ ልጅ ዳሩ። አምና ማዞር ሲጀምራቸው ስሙን የማልጠቅሰው ሆስፒታል ይዤአቸው ሄድኩ። "የእሳቸውን የሚያነብ ማሽን የለንም" ተባልን። እውነት ነው፣ የአንዱን ኩባንያ ፔስሜከር የሌላው ማሽን አያነበውም። ታዲያ ይህን አስቀድሞ ማሰብ የማን ሥራ ነበር? የእንጀራ ሻጯ? ሌላ ቦታ ተፈትሾ "ሊያልቅ ነው" ሲባል ደግሞ "አዲሱን ራሳችሁ አምጡ" ሆነ። ርካሹ እንኳ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይኸው ዛሬ የእድራቸው ሰዎች መዋጮ ይዘዋል። እድር ድሮ ለቀብር ነበር፤ አሁን ቀብር ለማዘግየትም ሆነ!

"ደሃ አገር ነን፣ ወባና ቲቢ ይቀድማል" ይሉናል። መቅደሙን ማን ካደ? ግን በኮሪደር ልማት በየመንገዱ መብራት የደረደረ መንግሥት፣ አምፖሉ ሲቃጠል መቀየሪያ አያጣም። ለሰው ደረት ሲሆን ነው ድህነት ትዝ የሚለው? ባለሥልጣን ልቡን ሲያመው መንገዱ በቦሌ በኩል ነው። ድኻው በየት በኩል ይሂድ?

መፍትሔው ሰማይ ቤት አይደለም። በካናዳ ከሟቾች ተወስደው፣ ዳግም ከጀርም ጸድተው በሜክሲኮ፣ በጓቲማላ፣ በሆንዱራስና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለ1,051 ሰዎች የተተከሉ የልብ መሣሪያዎች ተጠንተዋል። በ2020 በታተመው ውጤት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢንፌክሽን የያዛቸው 2 ከመቶ ናቸው። አዲስ ከተተከለላቸው 1.2 ከመቶ ነበሩ፤ በዚያ ኢንፌክሽን የሞተ አልተገኘም። ስዊድን ራሷ በአንድ ወቅት ያገለገለ ትጠቀም ነበር። ሳልባጅ ኮት ለብሶ ለሚያድር ሕዝብ፣ ተፈትሾ የጸዳ የልብ ባትሪ ነውር ይሆናል?

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርን በግልጽ እንጠይቃለን። ፔስሜከር ያለው ዜጋ ሁሉ በመዝገብ ይያዝ፤ የባትሪው ማለቂያ ይታወቅ። ለጋሽ ሲመጣ ማንበቢያ ማሽኑንም ትቶ ይሂድ። መቀየሪያው በጤና መድህን ይሸፈን፤ የውጭ ምንዛሪውም ቅድሚያ ያግኝ።

ባትሪው ማለቁን ከወራት በፊት ያስታውቃል። ቀኑ እየታወቀ የሞተን ሰው፣ ኋላ "በድንገት አረፉ" ብላችሁ እንዳታረዱን!