«ትንሽ ደክሞት ነው» አንበል

ከመሀላችን የአንዱ አእምሮ ሲታወክ በየቤቱ የሚነሳው ክርክር ያው ነው። አንዱ «እንዴት በገዛ እጃችን ወንድማችንን ለፖሊስ እንሰጣለን?» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ ጸበል ይሞከር» ይላል። እናት ከአዲስ አበባ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። ልጁ ግን እንቅልፍ ካጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ሰው ያለፈቃዱ ሆስፒታል እንዲገባ የሚወስነው ቤተሰብ አይደለም። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ቨርጂኒያን እንውሰድ። ቤተሰብ ለማጅስትሬት ያመለክታል። ማጅስትሬቱ ካመነበት ሰውየው ተወስዶ በባለሙያ እንዲታይ ያዛል፤ ይህ ትእዛዝ ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው። አደጋ አለ ከተባለ ጊዜያዊ ማቆያ ይከተላል፣ በመደበኛው እስከ 72 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ቆሞለት ችሎት ይቀርባል፤ የመጀመሪያው የሆስፒታል ትእዛዝም ከ30 ቀን አይበልጥም። ማለትም «አሳሰርነው» ብሎ ራስን መቅጣት አያስፈልግም።

የኛ ድርሻ ምስክርነት ነው፤ የምንወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ስንት ሌሊት የተጨነቅንበትን ነገር ባለሙያው ሲጠይቀን «ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ጨዋ ልጅ ነው» እንላለን። ገመና መሸፈናችን ነው። ታማሚው ለአንድ ሰዓት ራሱን ሰብስቦ ካወራ፣ ቤተሰብም ምንም የለም ካለ፣ ባለሙያው በምን ይያዘው?

ስለዚህ ቀን እየጠቀሳችሁ ጻፉ። «ጠባዩ ተለውጧል» አይበቃም። «ማክሰኞ ሌሊት በባዶ እግሩ ወጣ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ምግቡ ተመርዟል ብሎ አልበላም» በሉ። የ15 ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ሆስፒታሉን በነጻ አስተርጓሚ ጠይቁ። የሕክምና ምስጢር ሕጉ ሐኪሙ ለናንተ እንዳይናገር ሊያግደው ይችላል፤ እናንተ ለሐኪሙ እንዳትናገሩ ግን አያግድም።

ፖሊስ መጥራት ያስፈራል፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ለጥቁር ቤተሰብ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ለዚህም ነው ነገሩ ሳይከር በ988 መደወል፣ በፈቃዱ እንዲታከም መለመን፣ ጸበሉንም ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ የሚሻለው። 911 መደወል ግድ ከሆነ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቃል የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ እጁ ላይ መሣሪያ አለመኖሩን ካረጋገጣችሁም ይህንኑ ተናገሩ።

72 ሰዓት ማንንም አያድንም። ልጁ ተሽሎት ሲወጣ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሊቆጣም ይችላል። ያኔ ተደብቀን አንለፈው። ያየነውን እንንገረው፤ ሕመሙ ቢመለስ ለማን እንድንደውል፣ የትኛው ሆስፒታል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻለው እሱ ራሱ ይንገረን። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህንን አስቀድሞ በሕጋዊ ሰነድ ማስፈርም ይቻላል። ጤነኛ ሆኖ የተናገረው ቃል፣ ታሞ ሳለ እኛ ከምንገምትለው ይበልጣል።