ሰጋር በቅሎ የመረጠ ሕዝብ መኪናም መምረጥ ይችላል

በምሥራቅ ጎጃም፣ በዲማ፣ ጥቂት መምህራንና ሠራተኞች ከደመወዛቸው ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አንድ ላይ አድርገው አንዲት የጋራ መኪና ለመግዛት ሲመክሩ ይህ ጸሐፊ በመካከላቸው ተገኝቶ ነበር። ምክሩ ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ «መኪና ማለት ሲነዱት ልብ የሚሞላ፣ ዳገት የማይፈራ፣ ትልቅ ሞተር ያለው ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «እኛ የምንሻው ነዳጅ የማትጠጣውን ነው፤ ደስታው ይቅርብን» ሲል ተከራከረ። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር። ይኸውም የመንዳት ደስታና ቁጠባ በአንድ መኪና ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም የሚለው እምነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የጋራ እምነት የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ እንደ ቀላል ሊታይ አይገባውም። በእነዚህ ሠራተኞች እጅ ያለው ገንዘብ ከልጅ ልብስና ከቤት ቀለብ ተቀንሶ የተጠራቀመ ነው። ምርጫው ቢሳሳት ስሕተቱን የሚከፍልላቸው ሌላ ወገን የለም።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ያነሡት ዛሬ አይደለም። የጎጃም ሰው ፈረሱን ለጉግስ፣ በቅሎውን ለረጅም መንገድ ሲመርጥ ኖሯል። ከበቅሎም ሰጋሪቱን ይመርጣል። ለምን? አረማመዷ የተቀመጠባትን ሰው ስለማያንገላታ፣ ጉዞውን ወደ ደስታ ስለሚለውጥ ነው። ነገር ግን በቅሎ ከፈረስ ይልቅ በጥቂት መኖ የምታድር፣ በድንጋያማ ቁልቁለትም እግሯን የማትስት መሆኗን አልዘነጋም። እንግዲህ ምቾትና ቁጠባ በአንዲት እንስሳ ላይ ተገናኝተው ታይተዋል። በአንጻሩ በቅሎዋ ከመጓጓዣነት ይልቅ የማዕረግ ማሳያ በሆነችበት ደጅ፣ ዋጋዋ የሚለካው በአረማመዷ ሳይሆን በኮርቻዋ ጌጥ ነበር። ዛሬም መኪናውን ለመንገዱ ሳይሆን ለጎረቤቱ ዓይን የሚመርጥ ሰው የሚከተለው ይህንኑ አሮጌ አመለካከት ነው።

የዓለም ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊዝ ቦይ ቀውስ በተነሣ ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ነዳጅ በኩፖን እስከመታደል ደረሰ። ከዚያ ችግር የተወለደችው፣ አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ትንሿ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ቀረበች። ርዝመቷ ከ3 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ሞተሯም 848 ሲሲ ብቻ ነበር። ነገር ግን ይህች የቁጠባ ልጅ፣ ሞተሯ ከ1,300 ሲሲ ሳይበልጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 በተራራ መንገድ የሚካሄደውን የሞንቴ ካርሎ ራሊ አሸነፈች። ከእርሷ እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው መኪናዎች ወደኋላ ቀሩ። ምሥጢሩ ቀላልነቷ፣ ጎማዎቿ በአራቱ ማዕዘን ጫፍ መቀመጣቸውና ለመሪ ፈጥና መታዘዟ ነው። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ለትምህርት በቆየበት ጊዜም በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከልብ የሚደሰተው ነጂ ከባዱን መኪና የያዘው ሳይሆን ቀላሉን የያዘው መሆኑን በዓይኑ ተመልክቷል።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ተጨባጭ ሁኔታ እንመለስ። ከዲማ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ዐባይ በረሃን መውረድና መውጣት ግዴታው ነው። ከድልድዩ እስከ አፋፉ ያለው ከፍታ 1,300 ሜትር ያህል ነው። አንድ ቶን የምትመዝን እንደ ቪትዝ ያለች መኪና አራት ሰዎች ጭና ይህን ከፍታ ስትወጣ፣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ ወደ 4.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበት ያስፈልጋታል። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሦስት ወይም ከአራት አንዱን እጅ ስለሆነ፣ ይህ ሁለት ሊትር ገደማ ቤንዚን ማለት ነው። 2,400 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ መኪና ግን እነዚያኑ አራት ሰዎች ለማድረስ አራት ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር ከ100 ብር ማለፉ ይታወሳል። በዚያ ዋጋ እንኳ ቢሰላ፣ በአንድ ዳገት 200 ብር የሚከፈለው ሰው ለማድረስ ሳይሆን ብረት ለመሸከም ነው።

ይህ ማለት ግን ትንሹ ሞተር ሁሉ ቆጣቢ ነው ማለት አይደለም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። እጅግ ትንሽ ሞተር ያላት መኪና አምስት ሰው ጭና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ከወጣች፣ ደስታውም ቁጠባውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ መለኪያው የሞተር ትልቅነት ሳይሆን የጉልበትና የክብደት መመጣጠን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ትልቅ ሞተር ባላቸውና ባረጁ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ መጣሉም ገዥው ሊያስታውሰው የሚገባ ነው።

በምክሩ ላይ የነበሩ አንድ አንጋፋ ሾፌር ግን ተገቢ ጥያቄ አነሡ። «መምህር፣ እርስዎ የሚሉት ለአስፋልት ነው። ክረምት ሲገባ በመረሬው ጭቃ ማን ይገፋታል?» አሉ። መምህሩም፣ «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ከመሬት ከፍ ያለችውን እንፈልግ እንጂ ትልቅ ሞተር ጭቃ አያወጣም» ሲሉ መለሱላቸው። መልሱ ትክክለኛ ነው። የመረሬ መንገድ የሚጠይቀው የሆድ ከፍታ፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማና የረጋ እጅ ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳበት መኪና በየዕለቱ ጭቃ ለሚሻገር፣ ሕመምተኛ ለሚያመላልስ ሥራ ተገቢ ነው። በዓመት ለጥቂት ቀናት ጭቃ ሲባል ግን ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ መገበር ተገቢ አይደለም።

ሌላም አዲስ ሁኔታ አለ። በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ታግዷል። የኤሌክትሪክ ሞተር የአየር መሳሳት አያደክመውም፤ ከቆመበት ሲነሣም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ዐባይ በረሃን ሲወርድ ደግሞ ፍሬን ከማቃጠል ይልቅ የቁልቁለቱን ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን ገደል የቦረቦረው ወንዝ ራሱ ገደሉን የምንወጣበትን ጉልበት ሊሰጠን መጀመሩ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለሚያስብ ሁሉ ትልቅ ትርጉም አለው። ሆኖም ስሜት የሒሳብን ቦታ ሊወስድ አይገባም። ገዥው መኪናዋን የት እንደሚሞላ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ፣ ጠጋኝ የት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወረቀት ላይ 300 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የተባለች መኪና ይህን ዳገት ጨምራ ያለ ሥጋት ትደርሳለች ብሎ መገመት አደገኛ ነው።

እንግዲህ ለዲማዎቹ ሠራተኞችና በየቀበሌው እንደ እነርሱ ለሚመክሩ ሁሉ የምንለው ይህ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናዋን ሰው ጭናችሁ ዳገት ላይ ፈትኗት። በሦስተኛ ማርሽ ሳትጨነቅ ከወጣች፣ በመታጠፊያ ላይ መሪዋ ከታዘዘ፣ በቁልቁለት ፍሬኗ ከታመነ፣ መለዋወጫዋም በደብረ ማርቆስ ገበያ ከተገኘ፣ ሰጋሪቱን አግኝታችኋታል። ለመቶ ኪሎ ሜትር የምትጨርሰውን ነዳጅ በደብተር መዝግቡ፤ ደብተሩን የማኅበሩ አባል ሁሉ ይየው። ደስታ ከቁጠባ የሚጣላው መኪና ለታይታ ሲገዛ ነው። ለመንገዱ ሲገዛ ግን ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ!